የአይጥ ልብ ለምን ምስክር አይሆንም? መድኃኒት የልብን ኤሌክትሪክ ሲነካ

መረንዝ የሚባል ዛፍ አለ። በኢትዮጵያ ይበቅላል፣ በኬንያና በሶማሊያም አለ። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቅርፊቱንና እንጨቱን ለረጅም ሰዓት ይቀቅሉትና የሚቀረውን ጥቁር ወፍራም ነገር የቀስት ጫፍ ላይ ይቀቡታል። በዚህ የተወጋ ትልቅ አውሬ ልቡ ይዛባል፣ ከዚያ ይቆማል። የመርዙ ዋና ንጥረ ነገር ዋባይን ይባላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ ለይቶ ያወጣው በ1888 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

እዚያው አካባቢ ጋማ ያለው አንድ ትልቅ አይጥ ይኖራል። የመረንዝን ቅርፊት ያኝካል፣ ከምራቁ ጋር ያዋህደዋል፣ ከዚያ ጎኑ ላይ ያለውን ለየት ያለ ፀጉር በዚያ ይቀባዋል። አይጡን የነከሰ ውሻ ታሞ ይወድቃል፣ አንዳንዱም ይሞታል። አይጡ ግን መርዙን አኝኮ ደህና ይውላል። በ2011 የወጣ ጥናት ይህን በዝርዝር አሳይቷል።

መርዙ ያው ነው። ታዲያ ውሻውን እየገደለ አይጡን ለምን ይምረዋል?

ይህ ጥያቄ የዱር እንስሳት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አላነሳውም ነበር። መድኃኒት ቤት ሄደን የምንገዛው ክኒን ለልብ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ምርመራ ሁሉ እዚሁ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። ምክንያቱም መድኃኒት ልብን በጅምላ አይነካም። በልብ ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለን አንድ የተወሰነ በር ወይም አንድ ፓምፕ ነው የሚነካው። ያ በር ደግሞ በአንዱ እንስሳ ዋና፣ በሌላው ትርፍ ሊሆን ይችላል።

እስቲ ከበሮቹ እንጀምር።

የልብ ሕዋስ ሲያርፍ ውስጡ ከውጭው ጋር ሲነጻጸር ኔጋቲቭ ነው። በታችኛው የልብ ክፍል ልዩነቱ ከ80 እስከ 90 ሚሊቮልት ይደርሳል። ፖታሲየም በብዛት ያለው ሕዋሱ ውስጥ ነው፣ ሶዲየምና ካልሲየም ደግሞ በብዛት ውጭ ናቸው። ይህ ልዩነት እንዳይጠፋ አንድ ፓምፕ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሦስት ሶዲየም ያስወጣል፣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፣ እንደገና ሦስት ያስወጣል። ምልክት ሲመጣ የሶዲየም በሮች ይከፈታሉ፣ ሶዲየም ይጎርፋል፣ የሕዋሱ ውስጥ በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጣል። ቀጥሎ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ። ካልሲየም ቀስ እያለ ይገባል፣ ጡንቻው እንዲኮማተር የሚያደርገውም እሱ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቮልቴጁ ከፍ እንዳለ ይቆያል። በመጨረሻ ፖታሲየም በራሱ በሮች ይወጣና ሕዋሱ ወደ እረፍቱ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ዙር አክሽን ፖቴንሻል ይባላል። ለማሳጠር ከዚህ በኋላ ሞገድ እለዋለሁ። በሰው፣ በውሻ ወይም በጊኒ ፒግ ልብ ታችኛ ክፍል አንዱ ሞገድ ከ200 እስከ 300 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይቆያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞገዱ እስኪያልቅ ሕዋሱ አዲስ ምልክት አይቀበልም። ስለዚህ የሞገዱ ርዝመት ትልቅ ጉዳይ ነው። ቢያጥር ምልክቱ ዞሮ ተመልሶ ያንኑ ቦታ ሊያነሳሳ ይችላል። ከመጠን በላይ ቢረዝም ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ እሱን ቆይቼ በሰፊው እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የገደለው እሱ ነው።

እነዚህ ጨዎች ለልብ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆኑ የታወቀው በእንቁራሪት ነው። ሲድኒ ሪንገር የሚባል የለንደን ሐኪም በ1880ዎቹ መጀመሪያ የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውኃ ውስጥ እንዲመታ ያደርግ ነበር። ልቡ ለሰዓታት ይመታለታል። በኋላ እንደተረዳው ግን ውኃው የተጣራ አልነበረም፣ ከቧንቧ የተቀዳ ነበር። በተጣራ ውኃ ሲሞክረው ልቡ ደክሞ ቆመ። ልዩነቱ የቧንቧው ውኃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። ሪንገር በ1883 ይህንን አርሞ አሳተመ። ዛሬ ሆስፒታል በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት ስሙን የያዘው ከዚህ ሰው ነው።

ሪንገር ያየው መምታትና መቆምን ነው። ኤሌክትሪኩን ራሱን ከአንዲት ሕዋስ ውስጥ ለማየት ከስልሳ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። መሣሪያው የመስታወት መርፌ ነው። ጫፉ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው፣ ውስጡ የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ይሞላል። ጫፉ ይህን ያህል ስለሚቀጥን ሕዋሱን ሳይገድል ሽፋኑን ወግቶ ይገባል። በ1949 ስዊዘርላንዳዊው ሲልቪዮ ቫይድማንና ፈረንሳዊው ኤድዋር ኮራቦፍ በካምብሪጅ ይህን መርፌ የውሻ ልብ ውስጥ ባለ የፑርኪንዬ ክር ላይ ሰክተው ሞገዱን መዘገቡ። ፑርኪንዬ የሚባሉት ክሮች ምልክቱን ወደ ታችኛው የልብ ክፍል በፍጥነት የሚያደርሱ ናቸው። ስማቸውን ያገኙት በ1839 በበግ ልብ ውስጥ ካያቸው ከቼኩ ሳይንቲስት ነው።

ዘዴው እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ከእንስሳው ልብ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ታይሮድ በሚባል የጨው ፈሳሽ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት፣ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተነፋበት ይቀመጣል። ከዚያ በኤሌክትሪክ፣ ለምሳሌ በሰከንድ አንድ ጊዜ፣ ይቀሰቀሳል። መርፌው ይገባል፣ ሞገዱ ስክሪን ላይ ይታያል። መድኃኒቱ በትንሹ ይጨመራል፣ ይጠበቃል፣ መጠኑ ይጨመራል፣ እንደገና ይጠበቃል። የሚለካው ሞገዱ ሲነሳ ያለው ፍጥነት፣ ቁመቱ፣ ሲወርድ 50 በመቶና 90 በመቶ ላይ እስኪደርስ የፈጀው ጊዜ፣ የእረፍቱ ቮልቴጅ ነው። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ አንድ በር አለ። ሞገዱ ቀስ ብሎ ከተነሳ መድኃኒቱ የሶዲየሙን በር ነክቷል ማለት ነው። መሐሉ ካጠረ የካልሲየሙ በር ይጠረጠራል፣ ጭራው ከረዘመ ደግሞ የፖታሲየሙ። በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው የማያውቀው መድኃኒት ሲሰጠው የሞገዱን ቅርጽ አይቶ ዓይነቱን መገመት ይችላል።

የልብ ምት መድኃኒቶችን በዚህ መንገድ የመደባቸው የኦክስፎርዱ ማይልስ ቮን ዊልያምስ ነው፤ ምደባው ከ1970 ጀምሮ ነው የታወቀው። ሶዲየም የሚዘጉ፣ የአድሬናሊንን ግፊት የሚቀንሱ፣ ሞገዱን የሚያረዝሙ፣ በኋላ ደግሞ ካልሲየም የሚዘጉ ብሎ ከፋፈላቸው። አሚዮዳሮን፣ ዛሬም በየሆስፒታሉ የሚታዘዘው፣ ሞገድ እንደሚያረዝም የታየው እዚያው ኦክስፎርድ ውስጥ ነው፤ ብራማ ሲንግ ለሳምንታት መድኃኒቱን ለጥንቸሎች ሰጥቶ ከዚያ የልባቸውን ቁራጭ መረመረ። ምደባው ጠቃሚ ነው፣ ግን አንድ መድኃኒት አንድ በር ብቻ የሚነካ ያስመስላል። አሚዮዳሮን ራሱ አራቱንም ይነካል።

የሶዲየሙን በር በተመለከተ ከሁሉ የሚገርመኝ ሊዶኬይን ነው። ጥርስ ሐኪም ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ማለት ነው። ጤነኛ የልብ ቁራጭ ላይ፣ ምቱ ዝግ ካለ፣ ሊዶኬይን ብዙም ለውጥ አያሳይም። ያንኑ ቁራጭ ኦክስጅን ሲያጥረው፣ ወይም ምቱ ሲፈጥን ግን መድኃኒቱ ይበረታል። ምክንያቱም ሊዶኬይን የሚጣበቀው ከተከፈተ በኋላ ሠርቶ በተቆለፈ በር ላይ ነው፤ የተጎዳ ሕዋስ ውስጥ ደግሞ ብዙ በሮች ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ምቱ ዝግ ሲል መድኃኒቱ በሁለት ምት መካከል ለቆ ይወጣል። ስለዚህ «ይህ መድኃኒት ልብ ላይ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም። በምን ፍጥነት የሚመታ ልብ? የታመመ ነው ጤነኛ? የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ደግሞ በሰው ላይ ታይቷል። ፍሌካይናይድና ኤንካይናይድ የሶዲየም በር አጥብቀው የሚዘጉ መድኃኒቶች ናቸው። ድንገተኛ የልብ ጥቃት ደርሶባቸው የተረፉ ሰዎች ላይ የሚታየውን ትርፍ ምት በደንብ ያጠፋሉ። ትርፍ ምቱ ከጠፋ ድንገተኛ ሞትም ይቀንሳል ተብሎ ታሰበ፣ ለብዙ ሕመምተኞችም ታዘዙ። ከዚያ በአሜሪካ ካስት የሚባል ትልቅ ሙከራ ተደረገ። በ1991 በታተመው ውጤት መሠረት መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63ቱ ሞተዋል፤ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ናቸው። መድኃኒቱ ሥራውን አልሳተም፣ ትርፍ ምቱን አጥፍቷል። ነገር ግን ጥቃቱ ጠባሳ የተወበት ልብ ውስጥ ምልክቱ ሲዘገይ በጠባሳው ዙሪያ እየተሽከረከረ መመለስ ይችላል። በጤነኛ ጡንቻ ላይ ልከኛ የሆነ ነገር ጠባሳ ባለበት ጡንቻ ላይ ሰው ገደለ።

አሁን ወደ ፖታሲየሙ በር እንምጣ። እዚህ ነው ነገሩ ወደ እኛ የሚቀርበው።

ታሪኩ ከወባ መድኃኒት ይነሳል። በ1912 አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ ቬንከባክ ወደሚባል ታዋቂ የልብ ሐኪም መጣ። ልቡ አልፎ አልፎ ይዛባበታል። ይህን መዛባት ራሱ በወባ መድኃኒቱ በኪኒን እንደሚያቆመው ነገረው። ሐኪሙ አላመነውም፤ ነጋዴው በማግሥቱ ልቡ ተስተካክሎ መጣ። ቬንከባክ ነገሩን በ1914 ጻፈው። በ1918 ደግሞ ጀርመናዊው ቫልተር ፍራይ ኪኒን ከሚገኝበት ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ከሚወጡት ንጥረ ነገሮች ለዚህ የሚበልጠው ኪኒዲን መሆኑን አሳየ። ኪኒዲን ለአሥርት ዓመታት የልብ ሐኪሞች ዋና መድኃኒት ሆነ። ግን መድኃኒቱን የጀመሩ አንዳንድ ሰዎች በድንገት ራሳቸውን ስተው ይወድቁ ነበር። በ1964 ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ የሚመዘግበው ምርመራ) ላይ ሲታይ የወደቁት ልባቸው ከታችኛው ክፍል በተነሳ አደገኛ ፈጣን ምት ስለተያዘ ነው። ምቱን ያስተካክላል የተባለው መድኃኒት ራሱ አዛባው።

ለምን? መልሱ በደንብ የታየው የውሻ ፑርኪንዬ ክር ላይ ነው። በ1985 ዳን ሮደንና ብራያን ሆፍማን ኪኒዲንን በትንሽ መጠን ጨመሩ። ከዚያ የፈሳሹን ፖታሲየም ቀነሱ፣ ምቱንም ዝግ አደረጉት። ሞገዱ ረዘመ፣ ረዘመ፣ ከዚያ ከመውረድ ይልቅ መሐል ላይ እንደገና ተነሳ። ፖታሲየም የሚወጣበት በር በመድኃኒቱ ስለተዘጋ ሕዋሱ ወደ እረፍቱ መመለስ ያቅተዋል። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ብዙ በቆየ ቁጥር የካልሲየም በሮች እንደገና ለመከፈት ጊዜ ያገኛሉ። ሲከፈቱ ያልተጠራ ምት ይወለዳል። ይህ ምት ወደ ቀሪው ልብ ከተሰራጨ ቶርሳድ ደ ፗንት የሚባለውን መዛባት ሊያስነሳ ይችላል፤ ኢሲጂው ላይ መስመሩ እየተጠማዘዘ ሲሄድ ይታያል። ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊው ደሰርተን ነው፣ በ1966። አንዳንዴ ራሱ ይቆማል፣ ሰውየው ራሱን ስቶ ይነቃል። አንዳንዴ አይቆምም።

ትንሽ መጠን፣ ያነሰ ፖታሲየም፣ ዝግ ያለ ምት። ይህን ሦስትዮሽ ያዙልኝ።

ቀጥሎ የመጣው ጉዳይ ከልብ ሕመም ጋር ምንም የማይገናኝ መድኃኒት ነው። ቴርፌናዲን የአለርጂ መድኃኒት ነበር። እንቅልፍ ስለማያመጣ በጣም ተወደደ፤ በአሜሪካ ከ1985 ጀምሮ ተሸጧል። በ1990 አንዲት የ39 ዓመት ሴት ቴርፌናዲን ከፈንገስ መድኃኒቱ ከኬቶኮናዞል ጋር ወስዳ በቶርሳድ እንደተያዘች ታተመ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቴርፌናዲን በአፍ ሲወሰድ ጉበት ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ስለሚለውጠው ደም ውስጥ በራሱ መልክ እምብዛም አይገኝም። ኬቶኮናዞል የጉበቱን ሥራ ያግዳል። ያኔ ቴርፌናዲን ሳይለወጥ ልብ ይደርሳል። በ1993 የድመት የልብ ሕዋሶች ላይ ሲሞከር ቴርፌናዲን የፖታሲየሙን በር ልክ እንደ ኪኒዲን ሲዘጋ ተገኘ። ጉበት የሚያወጣው ፌክሶፌናዲን ግን በሩን አልነካም። ቴርፌናዲን በ1998 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ፌክሶፌናዲን ዛሬም የአለርጂ መድኃኒት ሆኖ ይሸጣል። ሰውን የሚያድነውንና የሚጎዳውን ለመለየት የጥቂት ድመቶች ሕዋስ ይህን ያህል ዋጋ ነበረው።

ይህ በር ኸርግ ይባላል። ጂኑ በሰው ውስጥ የተገኘው በ1994 ነው፣ ከፍራፍሬ ዝንብ ጂን ጋር ካለው ዝምድና ተነስቶ። በሚቀጥለው ዓመት ዩታ ያሉ ተመራማሪዎች የልብ ፖታሲየም በር መሆኑን አሳዩ፤ ይህ ጂን የተበላሸባቸው ቤተሰቦችም ያለ ምንም መድኃኒት ያው መዛባት ይደርስባቸዋል። ኸርግን ልዩ የሚያደርገው ውስጡ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ግድግዳው ላይም ብዙ የመድኃኒት ሞለኪውሎች የሚጣበቁባቸው ቦታዎች አሉ። ለዚህ ነው የአለርጂ፣ የወባ፣ የኢንፌክሽን፣ የአእምሮ ሕመም፣ የሆድ መድኃኒቶች፣ እርስ በርስ የማይመሳሰሉት ሁሉ፣ እዚህ በር ላይ የሚገናኙት።

እንግዲህ ርዕሱ ላይ ወዳነሳሁት ጉዳይ። ቴርፌናዲንን በትንሿ የላቦራቶሪ አይጥ ወይም በአይጠመጎጥ ልብ ላይ ብቻ ብትሞክሩት ምን ታያላችሁ? ከፖታሲየሙ በር አንጻር ምንም የሚያስፈራ ነገር ላታዩ ትችላላችሁ። የትንሿ አይጥ ልብ በደቂቃ 600 ጊዜ ገደማ ይመታል። ይህ ማለት በአንድ ምትና በቀጣዩ መካከል ያለው ጊዜ 100 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። የሰው ዓይነት ባለ 250 ሚሊሰከንድ ሞገድ እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የአይጥ ልብ ሞገዱን በሌላ፣ በጣም ፈጣን በሆነ የፖታሲየም በር ወዲያው ያወርደዋል። ያደገ አይጥ ልብ ለዚህ ሥራ ኸርግን አይፈልገውም ማለት ይቻላል። ብትዘጉበትም ግድ የለውም። አይጥ ርካሽ ነው፣ ለመያዝ ይቀላል፣ ጂኑም በቀላሉ ይለወጣል፤ ግን ለዚህ ጥያቄ የተሳሳተ ምስክር ነው።

ጥንቸል፣ ጊኒ ፒግና ውሻ ከዚህ ይሻላሉ፣ ሦስቱም ኸርግን ይጠቀማሉ። እነሱም ግን እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ጊኒ ፒግ ያ ፈጣኑ በር ጭራሽ የለውም። ሌላ ቀርፋፋ የፖታሲየም በር ግን በብዛት ስላለው ኸርግ ሲዘጋበት በመጠባበቂያው ይተርፋል። ጥንቸል መጠባበቂያዋ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ትጎዳለች፤ አደጋን ቶሎ ለማየት የምትመረጠውም በዚህ ነው። ውሻ በምት ፍጥነትም በሞገድ ቅርጽም ለሰው ይቀርባል። በአንዱ ውሻ ውስጥ እንኳ የፑርኪንዬው ክርና የታችኛው ክፍል ጡንቻ ለአንድ መድኃኒት የሚሰጡት መልስ ይለያያል፤ ክሩ ብዙ ጊዜ አብልጦ ይረዝማል። የመድኃኒት ኩባንያዎች አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት ኸርግንና የሕያው እንስሳን ኢሲጂ እንዲፈትሹ የሚያዝዘው ዓለም አቀፍ መመሪያ የወጣው በ2005 ነው። ቴርፌናዲን ከገበያ ከወጣ ከሰባት ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ በእኔ አስተያየት ዘግይቷል።

መመሪያው ደግሞ የራሱን ችግር አመጣ። ኸርግን የዘጋ መድኃኒት ሁሉ አደገኛ ነው ተብሎ ስንት መድኃኒት ገና ሳይወለድ ተጣለ። ቬራፓሚልን ተመልከቱ። የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ነው፣ ኸርግን በደንብ ይዘጋል፣ ግን ቶርሳድ አያመጣም ማለት ይቻላል። ምክንያቱም የካልሲየሙንም በር ይዘጋል። ሞገዱን በአንድ በኩል ለማርዘም ሲሞክር በሌላው ያሳጥረዋል፣ ያ ያልተጠራ ምት እንዲወለድ የሚያስፈልገው ካልሲየምም አይገባም። በሩን ብቻ ለይቶ ሕዋስ ውስጥ የሚመረምር ሙከራ ቬራፓሚልን ወንጀለኛ ያደርገዋል። የልብ ቁራጭ ላይ የሚደረገው ሙከራ ግን ሁሉም በሮች አንድ ላይ ስላሉ እውነቱን ያሳያል። ለዚህ ነው እኔ ያ አሮጌ የመስታወት መርፌ ዛሬም ቦታ አለው የምለው።

አሁን ወደ መረንዝ እንመለስ። ዋባይን በር አይዘጋም፣ ፓምፑን ነው የሚያቆመው። ፓምፑ ሲደክም ሶዲየም ሕዋሱ ውስጥ ይጠራቀማል። ሶዲየም ሲበዛ ካልሲየም የሚወጣበት መንገድ ይዳከምና ካልሲየምም ይጠራቀማል። በትንሹ ከሆነ ጡንቻው ጠንክሮ ይኮማተራል፣ ይህ ለደከመ ልብ ጥቅም ነው። ከመጠን ካለፈ ሕዋሱ ውስጥ ያለው የካልሲየም መጋዘን ሞልቶ በራሱ ጊዜ ይፈሳል፣ ሞገዱ ካለቀ በኋላ ትንሽ ንቅናቄ ይነሳል፣ እሱ ሲበረታ ትርፍ ምት ይሆናል። የውሻ ፑርኪንዬ ክር ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። የአይጠመጎጥ ልብ ላይ ግን ያንኑ ለማየት እጅግ ብዙ መርዝ ይጠይቃል። የአይጠመጎጥ ዋና ፓምፕ ዋባይን የሚይዝበት ቦታ ላይ የተለየ ነው። በ1988 ተመራማሪዎች የበግን ፓምፕ ወስደው ከሺህ በላይ ከሆኑት አሚኖ አሲዶቹ ሁለቱን ብቻ እንደ አይጠመጎጡ ቀየሯቸው። የበጉ ፓምፕ መርዙን ተቋቋመ።

ሁለት አሚኖ አሲድ ብቻ! አንድ ሰው መረንዝን በአይጠመጎጥ ብቻ ሞክሮ «ብዙም አይጎዳም» ብሎ ቢጽፍ ውሸት አልጻፈም፣ ግን የሚያነበው ሰው ሊሞት ይችላል።

የዋባይን የቅርብ ዘመድ ዲጎክሲን ነው። በእኛ አገር የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ሰው ላይ ስላለ ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ብዙዎቹ አብረው ፈሳሽ የሚያስወጣውን ላሲክስ ይወስዳሉ። ላሲክስ ከውኃው ጋር ፖታሲየምም ያስወጣል። ፖታሲየምና ዲጎክሲን ደግሞ ፓምፑ ላይ ይሻማሉ፤ ፖታሲየም ሲቀንስ ዲጎክሲን ያሸንፋል፣ ያው የተለመደው መጠን መርዝ ወደመሆን ይጠጋል። ተቅማጥና ትውከት ሲጨመርበት ይብሳል። ሐኪም ፖታሲየም ይለካ ሲል ለዚህ ነውና እባካችሁ አትዝለሉት።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ሦስትዮሽም እዚሁ ይሠራል። ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ ክሎሮኪን፣ ሃሎፔሪዶል፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጡት ቤዳኩዊሊንና ሞክሲፍሎክሳሲን ሁሉም ሞገዱን በተለያየ መጠን ያረዝማሉ። አብዛኛው ሰው ይወስዳቸዋል፣ ምንም አይሆንም፤ ታዝዞላችሁ ከሆነ ይህን አንብባችሁ እንዳታቋርጡ። አደጋው የሚመጣው ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ፣ ፖታሲየም ሲያንስ፣ ምቱ ዝግ ሲል፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ ነው። ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ይጋለጣሉ። ኢሲጂ ላይ ኪውቲ የሚባለው ርቀት የዚህ ሞገድ ርዝመት ጥላ ነው፣ ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሐኪም ይደነግጣል። የቲቢ ሕመምተኞች በየጊዜው ኢሲጂ እንዲነሱ የሚጠየቁት ለዚህ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲሰጣችሁ የምትወስዱትን ሁሉ ለፋርማሲስቱ ንገሩት፣ የአለርጂውንም የፈንገሱንም።

የወደፊቱስ? ከሰው ቆዳ ወይም ደም የተወሰደ ሕዋስን ወደ ልብ ሕዋስ መለወጥ ተችሏል። ሳህን ላይ ይመታል፣ የሰው ኸርግ አለው፣ እንስሳ አይገደልበትም። እነዚህ ሕዋሶች ግን ገና ያልበሰሉ ናቸው። ያደገ ሰው የታችኛ ልብ ክፍል ሕዋስ ካልተቀሰቀሰ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ እነሱ በራሳቸው ይመታሉ፣ የእረፍታቸው ቮልቴጅም ዝቅ አይልም፣ ምክንያቱም እረፍቱን የሚጠብቀው የፖታሲየም በር ገና አልበዛባቸውም። ተመራማሪዎች በኤሌክትሪክ እየቀሰቀሱ፣ ምግባቸውን እየለወጡ፣ ከሌሎች ሕዋሶች ጋር እያሳደጉ ሊያበስሏቸው እየሞከሩ ነው። እስከዚያው የጥንቸሉና የውሻው ቁራጭ በ37 ዲግሪ ፈሳሽ ውስጥ፣ ፖታሲየሙ እየተቀነሰና ምቱ ዝግ እየተደረገ፣ መመርመሩ ይቀጥላል።